ባቡሩ ሳይመጣ የተዘረጋ ሐዲድ

በመካከለኛው ኢጣልያ፣ በቶስካና ምድር፣ ከኮርቶና ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታውን እየዞረ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ የበግ መንጋ የዘጋበት አንድ የአገር ጎብኚዎች አውቶቡስ ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ ይሳሳቃሉ፤ ሾፌሩም መንጋው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ከመካከላቸው ግን አንዲት አሜሪካዊት፣ ትዳሯ ከፈረሰና ቤቷን ለከዳት ባል ለቃ ከወጣች ወዲህ መጻፍ የተሳናት ደራሲ፣ ዐይኗን በመስኮት አሻግራ ስትመለከት፣ በከተማው ውስጥ በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ አይታው ያለፈችው አሮጌ ቤት፣ መዝጊያው ዝጎ፣ ግቢውን አረም ውጦት፣ ከፊት ለፊቷ ቆሞ ታገኘዋለች። ጥቂት እንኳ ሳታመነታ ሻንጣዋን አንሥታ ትወርዳለች።

በግቢው ውስጥ የቤቱ ባለቤት፣ የመኳንንት ዘር የሆኑ አረጋዊት ወይዘሮ፣ ከደላላው ጋር ቆመዋል። ቤቱን ሊሸጡ አፋቸው እሺ ቢልም ልባቸው እሺ አላለም፤ ስለዚህ ቀድመው የመጡት ባልና ሚስት ዋጋውን ለመቀበል በተዘጋጁ ቁጥር እርሳቸው ይጨምሩበታል። የደራሲዋ ገንዘብ ሁሉ ቢደመር የሚበቃ አይደለም። እንግዲህ ተስፋዋ ተሟጦ ልትመለስ ነው በሚባልበት ሰዓት ከጣራው በላይ የምትበር አንዲት ርግብ ኩሷን በአናቷ ላይ ትጥልባታለች፤ ወይዘሮዋም ይህን ከላይ የተላከ ምልክት አድርገው ስለተረጎሙት ቤቱ የእንግዳይቱ ይሆናል። ተመልካች በዚህ ቦታ ይስቃል፤ መሳቁም ተገቢ ነው። ሆኖም በሳቁ ውስጥ አንድ ጥንታዊ እውነት አለ፦ ሰው ኑሮውን እንደገና ሊጀምር ሲነሣ የገዛ ፈቃዱ ብቻውን አይበቃውምና፣ ከእርሱ ውጭ የሆነ አንዳች ነገር «ሂድ» እንዲለው ይሻል፤ አባቶቻችን ሱባኤ የሚገቡት፣ እናቶቻችንም ሕልም የሚያስፈቱት ስለዚህ ነው።

ይህ ትዕይንት «በቶስካና ፀሐይ ሥር» ከተባለው የ2003 ፊልም የተወሰደ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የጻፈችውም፣ ያዘጋጀችውም ኦድሪ ዌልስ ስትሆን፣ ዋናዋን ሴት ፍራንሲስን ሆና የተጫወተችው ዳያን ሌን ናት። ወደ 18 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም በዓለም ዙሪያ ወደ 59 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል፤ ዳያን ሌንም በዚሁ ሥራዋ ለጎልደን ግሎብ ሽልማት ታጭታለች። ሐያስያን አንዳንዶቹ ለስላሳ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ከእውነት የራቀ ነው ብለው ቢያልፉትም፣ ልቡ የተሰበረ ሰው ሁሉ እየደጋገመ የሚያየው ፊልም ሆኖ እስከ ዛሬ ኖሯል። እኔም ከሚወዱት ወገን ነኝ፤ የምወደው ግን ብዙ ሰው በሚወድበት ምክንያት አይደለምና፣ ይህን መግለጽ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

የፊልሙ ምንጭ ፍራንሲስ ሜይስ የተባለች ባለቅኔና በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጽሕፈት ጥበብ መምህርት የነበረች ሴት በ1996 ያሳተመችው የትዝታ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በኒው ዮርክ ታይምስ የምርጥ ሽያጭ ዝርዝር ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቷል። እንደ ልብ ወለድ የሚያያዝ ታሪክ ግን የለውም፤ የሚተርከው በ1990 ስለተገዛውና ለሠላሳ ዓመታት ሰው ሳይኖርበት ስለቆየው ብራማሶሌ ስለተባለ ቤት፣ ስለፈረሰ የእርከን ካብ፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ወይራ ለቀማና ስለ ወጥ ቤት ሥራ ነው። በመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የነበረው ኖራ ሲታጠብ ከሥሩ የቆየ የግድግዳ ሥዕል ብቅ ያለበት ክፍል ብቻውን መጽሐፉን ያስወድዳል። ደራሲዋ ቀድሞ የፈታች ብትሆንም ቤቱን የገዛችው ብቻዋን ሳትሆን፣ እንደ እርሷ ባለቅኔ ከሆነውና በኋላ ካገባችው ከወዳጇ ጋር ነበር። ኦድሪ ዌልስ ግን ወዳጁን ከመጀመሪያው አስወጥታ ሴቲቱን ብቻዋን አስቀረቻት፤ በልቧም ትኩስ ቍስል አኖረችባት። በዚህ ምክንያት ተራኪው መጽሐፍ ድራማ ሆነ፤ የቤቱ መጠገን ከነፍስ መጠገን ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ምሳሌ ለመሆን የበቃው በዚህች አንዲት ለውጥ ነው።

ከሰሜን የመጣ፣ ልቡ የቀዘቀዘ እንግዳ በኢጣልያ ፀሐይ ሲታደስ የሚያሳየው ታሪክ በራሱ አዲስ አይደለም። ኤልሳቤጥ ፎን አርኒም በ1922 ያሳተመችው የአራት እንግሊዛውያት ሴቶች ታሪክ፣ ከዚያም በፊት ኤድዋርድ ሞርጋን ፎርስተር በ1908 የጻፈው የፍሎረንስ ልብ ወለድ፣ ሁለቱም ኋላ ፊልም ሆነዋል፤ የእነርሱም ልጆች ሊባሉ የሚችሉ ፊልሞች እስከ ዘመናችን አልተቋረጡም። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የኢጣልያ ሰው ብዙ ጊዜ ጌጥ ነው፤ ይዘፍናል፣ ያበስላል፣ ያፈቅራል፣ እንግዳውን አድኖ ይሰናበታል። ቤቱ ለምን ባዶ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ ደግሞ ፊልሙን ባየሁ ቁጥር በአእምሮዬ የሚመላለሰው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም በምድር ላይ ያለ ባዶ ቤት ሁሉ አንድ ሰው ትቶት የሄደው ቤት ነው።

በቶስካና ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ እስከ ሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ድረስ የቆየው የመሬት ሥርዓት፣ እነርሱ «ሜዛድሪያ» የሚሉት፣ እኛ የእኩል አራሽ የምንለው ነበር። ባለ ርስቱ መሬቱንና ቤቱን ያቀርባል፤ አራሹ ከነቤተሰቡ ጉልበቱን ያቀርባል፤ እህሉ፣ ወይኑ፣ የወይራው ዘይት ለሁለት ይከፈላል። በኮረብታው ላይ ተበታትነው የሚታዩት፣ ዛሬ በፖስት ካርድ የሚሸጡት የድንጋይ ቤቶች አብዛኞቹ የእነዚህ አራሾች ነበሩ፦ ከምድር ቤቱ በሬዎች ያድሩበታል፣ ከላይ ደግሞ አያት፣ ወንድማማች፣ ምራትና የልጅ ልጅ በአንድ ጭስ ይኖሩበታል። ቤቱ ሰፊ የሆነው ምቾት ስለ በዛ ሳይሆን፣ መሬቱ ብዙ እጅ ስለሚጠይቅ ነው። ባለ ርስቱ ውሉን ያፈረሰበት አራሽ ከመሬቱ ጋር ቤቱንም ጥሎ ይወጣ ነበርና፣ ተወልዶ ባደገበት ጣራ ሥር እንኳ እንግዳ ነበር። ጭሰኝነትን ከአባቱ ወይም ከአያቱ አፍ የሰማ አንባቢ ይህን ለመረዳት ረዥም ትርጓሜ አያስፈልገውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎች በተስፋፉ ጊዜ ወጣቶቹ ወርኃዊ ደመወዝ፣ የቧንቧ ውኃና የእሑድ ዕረፍት ወደሚገኝበት ከተማ ጎረፉ። በ1964 የወጣው ሕግ አዲስ የእኩል ውል መዋዋልን ከለከለ፤ በ1982 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ የቀረውን ውል ወደ ኪራይ የሚለወጥበትን መንገድ ከፈተ። በዚያን ጊዜ ግን ብዙው አራሽ ሄዶ ነበር። ባለ ርስቱም ያለ አራሽ ርስቱን ሊያለማ አልቻለምና፣ የገበሬው ጎጆም የጌታው አዳራሽም አብረው መፍረስ ጀመሩ፤ ብራማሶሌን የመሰሉ የባላባት ቤቶች የተዘጉበት ዘመን ይህ ነው። ከዚያም እንግሊዞች፣ ጀርመኖች፣ በኋላም አሜሪካውያን እየመጡ ገዙ። ከባርነት ያላነሰ ድካም የታየበት ቤት ለሌላው የዕረፍት ቤት ሆነ። ይህን የምጽፈው ገዢዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ እነርሱ ባይመጡ ኖሮ ከቤቶቹ ብዙዎቹ ዛሬ የድንጋይ ክምር በሆኑ ነበር። ነገር ግን የአንዱ አዲስ ኑሮ የሌላው አሮጌ ኑሮ ባለቀበት መሬት ላይ እንደሚተከል ማወቅ፣ ፊልሙን ጠለቅ አድርጎ ለማየት ይረዳል።

ፊልሙ ይህን ታሪክ በቃል አያወሳም፤ በምስል ግን ሳያውቀው አልቀረም ያሰኛል። ፍራንሲስ የመጀመሪያውን ሌሊት የምታሳልፈው መብረቅና ነጎድጓድ በሚያናውጠው ጨለማ ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ ተኰራምታ ነው። በማግሥቱ ከግድግዳው ብቅ ያለች አንዲት አሮጌ የውኃ ቧንቧ ታገኛለች፤ ብታዞራት ጠብታ የላትም። የቧንቧዋ ነገር በፊልሙ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ አለማፍሰሷም የቤቱን ብቻ ሳይሆን የባለቤቲቱን ድርቀት ይናገራል። ቤቱን ለመጠገን የሚመጡት ሠራተኞች ደግሞ ኢጣልያውያን አይደሉም፤ ከፖላንድ የተሰደዱ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ገና ወጣት ነው፣ ሌላው በሀገሩ የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረ ነው። ፊልሙ በወጣበት በ2003 ፖላንድ ገና ወደ አውሮፓ ኅብረት አልገባችም፤ የገባችው በግንቦት 2004 ነውና፣ እንዲህ ያለው ሠራተኛ በዚያን ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ያለ በቂ ወረቀት፣ ቀን ሠርቶ ቀን በልቶ የሚያድር ስደተኛ ነበር።

እነዚህ ሰዎች አንዱን ግድግዳ ለማንሣት መዶሻ ሲያሳርፉ ሌላው ተከትሎ ይናዳል፤ ቤቱ በአቧራ ይሞላል፤ ሁሉም በሕይወት መኖራቸውን ለማረጋገጥ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ያለ ቋንቋ፣ በእጅ ምልክትና በጥቂት ቃላት መግባባት ይጀምራሉ። ፍራንሲስም ለራሷ ማብሰል ያቆመች ሴት ለእነርሱ ስትል ወደ ማእድ ቤት ትገባለች፤ ገበያ ትወርዳለች፤ ምግብ አዘጋጅታ ገበታ ትዘረጋለች። የቤት እመቤትነት የተመለሰላት በፍቅረኛ ሳይሆን በተራቡ ግንበኞች ነው። በእኔ ግምት የፊልሙ እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ከኀዘን የሚወጣው ለሌላ ሰው የሚሆን ሥራ በእጁ ሲገባ መሆኑን ያለ ስብከት ያሳያል፤ ከገበታው ዙሪያ ያሉት ሁሉም ስደተኞች መሆናቸውም ያስደስተኛል፣ እርሷ ከሐዘኗ የተሰደደች፣ እነርሱም ከድህነታቸው።

ይሁን እንጂ ሴቲቱ አንድ ቀን ትወድቃለች። ቤቱን ያሻሻጠው ደላላ፣ ማርቲኒ የተባለው ደግ ሰው፣ ሊጠይቃት ሲመጣ፣ ሰው ለሌለበት ኑሮ ቤት መግዛቷ እብደት እንደሆነ፣ በመኝታ ቤቶቹ የሚተኛ ሰው እንደሌለ፣ በዚህ ቤት ሠርግ እንዲደረግና ቤተሰብ እንዲኖርበት እንደምትመኝ እያለቀሰች ትነግረዋለች። እርሱም ሲያጽናናት፣ በአልፕስ ተራሮች ሴመሪንግ በተባለ ዳገት ላይ ቬየናን ከቬኒስ የሚያገናኝ ሐዲድ መዘርጋቱን፣ ያንን ዳገት ሊወጣ የሚችል ባቡር ግን በዚያን ጊዜ ገና እንዳልተሠራ፣ ሐዲዱን የዘረጉት ሰዎች ባቡሩ አንድ ቀን እንደሚመጣ ስላመኑ እንደሠሩት ይተርክላታል። ማርቲኒን ሆኖ የተጫወተው ቪንሰንት ሪዮታ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ራሱ በሴቲቱ ፍቅር የተያዘና ባለትዳር ስለሆነ ፍቅሩን የዋጠ ሰው ሆኖ ነው፤ ስለዚህ ንግግሩ ከማጽናኛነት አልፎ የራሱ የዝምታ መሥዋዕት ይሆናል።

ይህ ታሪክ እውነት ነውን? ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ ከፊልሙም ይልቅ ያማረ ነው። ሴመሪንግ ያለው በኦስትሪያና በኢጣልያ መካከል ሳይሆን ሙሉ በሙሉ በኦስትሪያ ውስጥ፣ በግሎግኒትስና በሚውርትሱሽላግ ከተሞች መካከል ነው፤ መሥመሩም ከቬየና ወደ ትሪየስት ወደብ ለሚወስደው መንገድ የተሠራ ነው። መሐንዲሱ በ1802 በቬኒስ የተወለደው ካርል ፎን ጌጋ ሲሆን፣ ሥራው ከ1848 እስከ 1854 ፈጅቷል። ወደ 41 ኪሎ ሜትር በሚደርሰው መንገድ ላይ 16 የድንጋይ ድልድዮች ተገንብተዋል፤ ብዙ ዋሻዎችም ተፈልፍለዋል፤ ከፍታውም ወደ 900 ሜትር ይጠጋል። በሺሕ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ደክመውበታል፤ ብዙዎቹንም ተስቦና ኮሌራ ጨርሷቸዋል። ሥራው በተጀመረ ጊዜ እንዲህ ያለውን ዳገት ጭነት እየጎተተ ዘወትር ሊወጣ የሚችል የባቡር ሞተር አልነበረም። ስለዚህ በ1851 የሞተሮች ውድድር ተደረገ፤ አራት ሞተሮች ቀርበው ዳገቱን ተፈተኑ፤ ፈተናውን ቢያልፉም ለዘወትር አገልግሎት የሚመች አንድም አልተገኘም፤ ከእነርሱ ከተገኘው ልምድ ተነሥቶ ቪልሄልም ፎን ኤንገርት የተባለው መሐንዲስ አዲስ ዓይነት ሞተር ነደፈ። ሐዲዱ እንግዲህ ባቡሩን ቆሞ ሲጠብቅ አልኖረም፤ ዳገቱ ራሱ ባቡሩን አስወለደው። ዩኔስኮ ይህን መሥመር በ1998 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ዛሬም ባቡር ይሄድበታል።

ማርቲኒ ይህን የኋለኛውን ክፍል ቢያውቅ ኖሮ ለፍራንሲስ የበለጠ በጠቀማት ነበር። «ታመኚ፣ ጠብቂ» ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን ጌጋና ኤንገርት የሠሩትን ስናይ፣ ተስፋ ማለት ዳገቱን እየለኩ፣ ድንጋዩን እየፈለጡ፣ የጎደለውን መሣሪያ እየፈተኑ የሚኖሩት ኑሮ ሆኖ ይታየናል። ፊልሙም በቃሉ ያላለውን በሥራው ያሳየዋል፤ ሴቲቱ ከዚያ ዕለት በኋላ ልቅሶዋን ትታ ወይራ ልትለቅም ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ እርሻ ትወጣለች።

የፍቅሩ ታሪክ በዚህ መካከል ይገባል፤ ብዙም አላቆይበትም። ፍራንሲስ በሮማ ከማርቼሎ ጋር ትገናኛለች፤ ራውል ቦቫ የሚጫወተው ይህ መልከ መልካም ሰው ወደ ፖሲታኖ ባሕር ዳርቻ ይወስዳታል። ከዚያ በኋላ ቀጠሮው በአንዱ ወይም በሌላው ምክንያት ይሰናከልና፣ በመጨረሻ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ሳታስታውቀው ብትሄድ ከሌላ ሴት ጋር ታገኘዋለች። ተመልካች ያዝናል፤ እኔ ግን የጸሐፊዋን ብልሃት አደንቃለሁ፤ ፊልሙ ሁሉ የሚያዘጋጀን የመሰለውን ሽልማት ነፍጋ፣ ሴቲቱን ባዶ እጇን ወደ ገዛችው ቤት መልሳታለችና። ሊንድሲ ደንከን የምትጫወታት፣ ባርኔጣ የማይለያት ካትሪን የተባለች ሴት የነገረቻትም ታሪክ በዚህ ላይ ይታሰባል፦ በልጅነቷ ጥንዚዛ ፍለጋ ሜዳ ለሜዳ ዞራ ዞራ ታጣለች፤ ደክሟት ሣሩ ላይ ተኝታ ስትነቃ ጥንዚዞቹ መላ ሰውነቷን ሸፍነዋት ታገኛቸዋለች።

ከወጣቱ ፖላንዳዊና ከጎረቤት ልጅ ከኪያራ ፍቅር በላይ በዚህ ፊልም ውስጥ የሚያረካኝ ነገር የለም። የልጅቱ ወገኖች ልጁን አይፈልጉትም፤ ድኻ ነው፣ ባዕድ ነው፣ ከሁሉ በላይ ቤተሰብ የለውም ይላሉ። እኛ ዘንድ ቢሆን «ማን ነው የሚያውቀው? ሽማግሌ የሚልክለት ማን አለው?» ይባል ነበር። ያን ጊዜ ራሷ ባዕድ፣ ራሷ ቤተሰብ አልባ የሆነችው ፍራንሲስ ተነሥታ ልጁ ቤተሰብ እንዳለው፣ ቤተሰቡም እርሷ መሆኗን ትናገራለች። ሠርጉ በእርሷ ግቢ ይደረጋል። በሳን ፍራንሲስኮ የቀረችው ጓደኛዋ ፓቲም፣ የፍቅር ጓደኛዋ ትታት፣ ፅንሷን ይዛ መጥታ በዚያው ቤት ትወልዳለች። በሠርጉ ዕለት ማርቲኒ ሲያስታውሳት ነው የለመነችው ሁሉ መሰጠቱን የምታስተውለው፦ ሠርግ ተደርጓል፣ ቤተሰብም አለ፤ የእርሷ ሠርግና የእርሷ ልጅ ስላልሆኑ ብቻ ሳታውቃቸው አልፋለች። ደረቂቱም ቧንቧ በመጨረሻ ውኃዋን ታወርዳለች።

በየቀኑ አበባ ይዞ በቤቱ አጥር ጥግ ወዳለው ትንሽ የጸሎት ስፍራ እየመጣ፣ ፍራንሲስ እጇን ስታወዛውዝለት ፊቱን የሚያዞር አንድ ሽማግሌ አለ። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ቃል አይናገርም። ሽማግሌውን ሆኖ የቀረበው ማሪዮ ሞኒቼሊ ነው፤ በ1915 የተወለደ፣ በ1959 «ታላቁ ጦርነት» በተባለ ፊልሙ የቬኒስን ወርቃማ አንበሳ የተቀዳጀ፣ ከኢጣልያ ሲኒማ አባቶች አንዱ። እንዲህ ያለውን ሊቅ ለዝምታ ብቻ መጋበዝ ድፍረት ነው፤ ነገር ግን ዌልስ ምን እንዳደረገች ታውቅ ነበር። ለእኔ ያ ሽማግሌ ቤቶቹን ትተው የሄዱት ሰዎች ሁሉ ወኪል ነው፤ ቤቱ የማን እንደነበረ የሚያስታውስ፣ አዲሲቱን ባለቤት ለመቀበል የማይቸኩል። በመጨረሻ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሰላም ሲላት፣ የቤቱን ቁልፍ ከተቀበለችበት ቀን ይልቅ በዚያች ሰዓት የአገሩ ሰው ትሆናለች።

ስለ ኮርቶና ሲነገር ፊልሙ ያላነሣት አንዲት ሴት ልትታለፍ አይገባም። ከከተማይቱ በላይ፣ ከኤትሩስካውያን ዘመን የቀረው ቅጥር በሚያበቃበት ከፍታ ላይ፣ የቅድስት ማርጋሪታ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ዐጽሟም በዚያው ያርፋል። ማርጋሪታ በ1247 ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች፤ እናቷ በልጅነቷ ሞተችባት፤ ገና በወጣትነቷ ከአንድ ባላባት ጋር ኰብልላ ያለ ሥርዓተ ተክሊል ዘጠኝ ዓመት ያህል አብራው ኖረች፤ ወንድ ልጅም ወለደችለት። ሰውዬው ተገድሎ በተገኘ ጊዜ ልጇን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ብትመለስ በሩ ተዘጋባት። ያን ጊዜ ወደ ኮርቶና መጣች፤ በፍራንሲስካውያን ዘንድ ንስሐ ገብታ ሦስተኛውን ማኅበር ተቀላቀለች፤ ድኾችንና ድውያንን የምትረዳበት ሆስፒታልም አቋቋመች። በ1297 ዐረፈች፤ በ1728 በሮማ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ተቈጠረች። ገድሏን ላነበበ ሰው፣ ኮርቶና ቤት አልባ ሴትን ተቀብላ ቤት ሰሪ ማድረግን ከሆሊውድ ሰባት መቶ ዓመት አስቀድማ ታውቅ ነበር፤ ማርጋሪታም ያገኘችውን በር መልሳ ለሌላው ከፈተችው።

በኢጣልያ ገጠር ኑሮን እንደገና መጀመር ሲባል ደግሞ በእኛ በኢትዮጵያውያን ልብ የምትመጣ ሌላ ሴት አለች፤ እርሷም በልብ ወለድ ሳይሆን በሥጋና በደም የኖረች ናት። አጊቱ ኢዴኦ ጉደታ በ1978 በአዲስ አበባ ተወለደች፤ በኢጣልያ በትሬንቶ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ሳይንስ ተማረች፤ ወደ ሀገሯ ተመልሳም የገበሬዎች መሬት ለባለሀብት መሰጠቱን ከሚቃወሙ ጋር ቆመች፤ በዚህም ምክንያት ሥጋት ስለመጣባት በ2010 ተሰደደች። የሄደችው ወደ ቶስካና ፀሐይ አይደለም፤ በትሬንቲኖ አውራጃ፣ በሞኬኒ ሸለቆ ወዳለው፣ ክረምቱ በረዶ ወደሆነው ተራራ ነው። በዚያ የአገሬው ወጣት ትቶት የሄደ፣ ጫካ እየወረሰው የነበረ የማኅበረሰብ መሬት ነበር። ከዚህ ወደ 11 ሄክታር ያህል ተረክባ፣ በ15 ፍየሎች ጀመረች። የመረጠቻቸውም በሸለቆው ስም የሚጠሩትን፣ ዘራቸው ሊጠፋ የደረሰውን የሞኬና ፍየሎች ነበር። እርሻዋን በኢጣልያንኛ «ደስተኛዋ ፍየል» ብላ ሰየመችው፤ መንጋው ወደ 180 ደረሰ፤ አይቧም በገበያ ስም አገኘ፤ ሌሎች ስደተኞችንም ቀጥራ ታሠራ ነበር።

ሁሉም በደስታ አልተቀበላትም። በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ሰድበዋታል፣ ዝተውባታል፤ እርሷም ነገሩን ሳትሸሽግ በአደባባይ ተናግራለች፣ ወደ ፍርድ ቤትም ወስዳዋለች። በታኅሣሥ 29 ቀን 2020 በገዛ ቤቷ ውስጥ በሰው እጅ ተገድላ ተገኘች፤ አርባ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቷት ነበር። የሸለቆው ሰው አለቀሰ፤ ኢጣልያም አለቀሰች፤ ፍየሎቿንም የዚያው አካባቢ ወጣት እረኛ ተረክባ ጠበቀቻቸው።

እኔ የኦድሪ ዌልስን ፊልም ከዚህች ሴት ሕይወት አጠገብ ባኖርኩት ጊዜ ፊልሙ አያንስብኝም፤ የጎደለው ግን ይታየኛል። ፍራንሲስ ሸክሟ ከባድ ቢሆንም ዶላር ነበራት፤ የፖላንዱ መምህር ጉልበት ነበረው፤ አጊቱ ግን ዶላር ሳይኖራት፣ ተቀጣሪ ሆናም ሳትቀር፣ የተተወ መሬት ጠይቃ የራሷን እርሻ አቋቋመች። የእኩል አራሹ ትቶት የሄደውን አገር እንደገና በእርሻ ሊያቆመው የሚችለው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ከእርሷ የጠራ መልስ የሰጠ ሰው አላውቅም። ዌልስ ራሷ በ2018፣ በ58 ዓመቷ በካንሰር ዐርፋለችና ይህን ታሪክ ከእርሷ አንጠብቅም፤ ይህ ሥራ የእኛ የፊልም ሰዎች ነው። የሚሠራውም ሰው ከግድያዋ እንዳይጀምር እለምነዋለሁ። ከዐሥራ አምስቱ ፍየሎች ይጀምር፤ የመሬት ጥያቄዋን ይዛ የገባችበትን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ያሳየን፤ ወተቱ እንዴት እንደሚረጋ፣ አይቡ በየመደርደሪያው ላይ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ፣ የሸለቆው አሮጊቶች በሚናገሩት ጥንታዊ የጀርመንኛ ዘዬ ምን ብለው እንዳነጋገሯት ጠይቆ ይረዳ። ጀግናዋን የሚያድን መልከ መልካም ፍቅረኛ አያስፈልገውም፤ 18 ሚሊዮን ዶላርም አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው በትሬንቲኖ ተራራ ላይ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ከክረምቱ በረዶ እስከ በጋው ግጦሽ፣ ካሜራውን ይዞ የሚቀመጥ ታጋሽ ሰው ነው።